የትከሻ መምህራን

በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ ገጠሮች ጭፈራ የሚማሩት በገዛ ቤት ነው፤ መምህራኑም እናት፣ አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ እህትና አያት ናቸው። ይህን ተቋም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚለየው ዋና ጠባይ ትምህርት ቤት መሆኑን አጥብቆ መካዱ ነው። አንዲት ወጣት በሠርግ ላይ እስክስታ ወርዳ ሰዉን ጉድ ካሰኘች በኋላ ከማን እንደ ተማረች ቢጠየቅ፣ እናት «ማንም አላስተማራት፤ በደሟ ነው» ትላለች፤ አክስት ወደ እናት ታመለክታለች፤ አያትየዋ ደግሞ የዛሬው እስክስታ በእርሳቸው ዘመን የነበረው ስላልሆነ ለጥፋቱ ተጠያቂ እንደማይሆኑ አስቀድመው ያስታውቃሉ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ መሰጠቱን የሚያሳየው ማስረጃ ከምስክሮቹ ቃል ይበረታል፤ በአንድ መንደር ያደጉ ልጆች ትከሻቸውን በአንድ ስልት ሲነቀንቁ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት በሌላ ስልት ይነቀንቃሉ፤ ደም ደግሞ የመንደር ወሰን ጠብቆ ሲፈስ ታይቶ አይታወቅም።

እስክስታ በዋነኛነት ከወገብ በላይ ባለው አካል፣ ይኸውም በትከሻ፣ በደረትና በአንገት የሚከናወን ጭፈራ ሲሆን፣ እግር ምት ከመጠበቅና ጨፋሪውን ከቦታ ቦታ ከማድረስ ያለፈ ድርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ብያኔ ለጠቅላላ ግንዛቤ የሚበቃ ቢሆንም የምንጃርን ሰው ማስቆጣቱ አይቀርም፤ በሸዋ ምንጃር ጨፋሪው ከመሬት ጋር ያለውን ግንኙነት በየጊዜው የሚያቋርጥ ዘላይ ስለ ሆነ፣ እግርን አጃቢ ያደረገ ሊቅ ወደዚያ ሠርግ ባይጠራ ይሻለዋል። በልማድ እንደሚነገረው ጎጃሜው ትከሻውን በፍጥነት ያርገፈግፋል፣ ጎንደሬው ደረቱን ከትከሻው ጋር አስተባብሮ ይመታል፣ ወሎዬው ደግሞ ረጋ ብሎ አንገቱን ያስረግጣል፤ ወሎ ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ለሁለቱ፣ ለባቲና ለአምባሰል፣ የቦታ ስሞቹን ያዋሰ አገር በመሆኑ፣ መቸኮል እንደማያስፈልገው ቢያምን አይፈረድበትም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ስልት «እስክስታ» ብሎ ሲጠራ፣ የሌላውን አገር ስልት ግን «እነሱም እንዲህ ያደርጋሉ» በሚል ጨዋ አነጋገር ያልፈዋል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ተማሪው በእግሩ መቆም ከመልመዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ሕፃኑን ከብብቱ ሥር ይዞ ያቆመዋል፣ ሌላው እያጨበጨበ «እስክስ በል!» ይለዋል፤ ሕፃኑ ምናልባት ሚዛኑን ለመጠበቅ ብቻ ብሎ ትከሻውን አንዴ ከፍ ዝቅ ቢያደርግ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ለዚህ ያህል ሥራ ይህን ያህል ምስጋና የሚከፍል ሌላ ትምህርት ቤት የለም። ተማሪው አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ግን ልግስናው ድንገት ይቋረጥና ቦታውን ሽሙጥ ይይዛል። ሽሙጥ የሰውን ጉድለት በቀጥታ ሳይናገሩ ባለቤቱ ራሱ እንዲያፍርበት የሚያደርግ አነጋገር ሲሆን፣ በዚህ ትምህርት ቤት ብቸኛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ከከበሮው ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ አክስቱ «ዝናብ የመታት ዶሮ መሰልክ» ብትለው፣ ትከሻው ወደ ጆሮው መጠጋቱን፣ ክርኑ ከጎኑ መጣበቁን፣ አንገቱም ገብቶ መጥፋቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይረዳል፤ የከተማ አሠልጣኝ እነዚህን ሦስት ስሕተቶች አንድ በአንድ ሲያስረዳ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ያም ሆኖ ተማሪው እንደ ዶሮዋ ያህል አያፍርም።

ከመምህራኑ ሁሉ ትጉዋ ታላቅ እህት ናት፤ ትጋቷ ግን ከማስተማር ፍቅር የመጣ አይደለም። በመጪው ሠርግ ላይ ከጎረቤት ልጆች አንሳ እንዳትታይ የምትለማመድ ወጣት ፊት ለፊቷ የሚቆም ሰው ያስፈልጋታል፤ ገጠር ቤት ውስጥ ደግሞ በከተማ ማሠልጠኛዎች ግድግዳውን የሚሸፍነው ትልቅ መስታወት ስለሌለ፣ የመስታወቱን ሥራ ታናሽ እህት እንድትሠራ ትገደዳለች። ታናሽየዋ ወደ ምንጭ ሲወረድ፣ እንጨት ሲለቀም፣ እንጀራ ተጋግሮ ምጣድ እስኪበርድ ድረስ፣ ታላቋ ያደረገችውን እየመለሰች ታደርጋለች፤ መስታወት ሆና ስታገለግል ቆይታም አንድ ቀን ከታላቋ በልጣ ትገኛለች፤ በዚያን ጊዜ የመስታወትነት ሥራዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ያበቃል። ወንዶቹ ልጆች በበኩላቸው የመጀመሪያ ደረጃውን የሚጨርሱት በግጦሽ መስክ ነው፤ ከብት ጠባቂዎች ዋሽንት የሚነፋ አንድ፣ ዱላ የሚያንኳኳ ሌላ፣ የቀሩትንም ጨፋሪ አድርገው የሚያቋቁሙት ጉባኤ የበላይ ተቆጣጣሪ የሌለበት ስለ ሆነ፣ አዲስ ስልት ቢፈለሰፍ የሚፈለሰፈው እዚያ ነው፤ የጉባኤው ጉዳት ግን ከብቶቹ የጎረቤት ማሳ ሲገቡ የሚታወቅ ሲሆን፣ ቅጣቱም ትከሻ ላይ ያርፋል።

አጎት ተጋባዥ መምህር ነው። በአዘቦት ቀን ስለ ጭፈራ ቢጠየቅ የማይመልስ ኮስታራ ሰው ሲሆን፣ በድግስ ቀን ግን ጠላው ሦስተኛ ዋንጫ ላይ ሲደርስ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ሽለላና ቀረርቶ፣ ማለትም ጀግንነትን የሚያወሱ የድምፅ ጨዋታዎች፣ ከእስክስታው ጋር እንዴት እንደሚያያዙ በተግባር ያሳያል። ወጣቶቹ ይህን ትምህርት በጥንቃቄ ይከታተሉታል፤ በማግሥቱ ይደገምልን ቢሉት ግን ምንም እንዳላደረገ ይምላልና። አባት ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ቤቱን፣ ከበሮውንና የድግሱን እህል የሚያቀርብ ሲሆን፣ በማስተማሩ ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ደጅ ደርሶ ማሳል ብቻ ነው፤ ሳሉ ሲሰማ ክፍሉ ይበተናል፣ ሴት ልጆቹም አንዷ ወንፊት፣ አንዷ እንዝርት ይዘው ይገኛሉ። ወንፊቱ ውስጥ ዱቄት አለመኖሩን ብዙ አባቶች ሳያስተውሉት አይቀሩም፤ ነገር ግን አስተዋልኩ ያለ አባት ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ስለሚኖርበት፣ ዝምታን ይመርጣል።

የተቋሙ የበላይ ግን አያት ናቸው፤ ለዚህ ሹመት የሚያበቃቸውም ጭፈራ መተዋቸው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ልማድ ባላቸው የሞተባቸው ወይም ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ቆብ ደፍተው ይመነኩሳሉ፣ «እማሆይ» ተብለውም ይጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ከዘፈን ጋር ያላቸው ግንኙነት የተቆረጠ ነው። እማሆይ ስለዚህ አይጨፍሩም፣ አያጨበጭቡም፣ ካልተጠየቁም ስለ ጭፈራ አያወሩም፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ብቻ ይቆጥራሉ። ይሁንና ከበሮው ሲፈጥን መቁጠሪያው እንደሚፈጥን፣ አንዲት ልጅ ምት ስትስት ደግሞ ባለበት ቆሞ እንደሚቀር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የመቁጠሪያው መቆም በዚህ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ዝቅተኛው ውጤት ሲሆን፣ ይግባኝ የለውም።

የትምህርት ዘመኑን የሚወስኑት የጾም ሥርዓትና እርሻ ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው የነቢያት ጾም በገና ሲፈታ፣ አዝመራውም ጎተራ ሲገባ፣ የጥር ወር ከነሠርጉ ይመጣል፤ በጥር 11 የሚከበረው ጥምቀት ታቦታቱን ተከትሎ የወጣውን ሕዝብ በአንድ ሜዳ ስለሚያገናኝ፣ በየቤቱ በስውር የተጠናው ሁሉ በአደባባይ የሚፈተንበት ቀን ነው። የፈተናው ወቅት አጭር ነው፤ 55 ቀን የሚቆየው ሁዳዴ ሲገባ ከበሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እስከ ፋሲካም አይወርድም። በጾም የሚሰቀለው ግን ከበሮ እንጂ ትከሻ ስላልሆነ፣ ትምህርቱ ያለ ድምፅ ይቀጥላል፤ እንዲያውም ምት በሌለበት ምትን ማስታወስ የሚማሩት በዚህ ጊዜ ነው የሚል አስተያየት ቢሰነዘር ከእውነት የራቀ አይሆንም። በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ ለጀማሪዎች የተለየ ወቅት ይከፈታል፤ ነሐሴ 13 በቡሄ ወንዶች ልጆች መሬቱን በዱላ እየመቱ በየቤቱ ይዞራሉ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል በመባል በሚታወቀው በዓል ልጃገረዶች ቅጠል በወገባቸው አስረው ይጨፍራሉ፣ በእንቁጣጣሽም አበባ የያዙ ትንንሽ ሴት ልጆች ይቀጥላሉ። በእነዚህ ቀናት የሚሰጠው ሙልሙል ዳቦና ሳንቲም ልጆቹ በጥበባቸው የሚያገኙት የመጀመሪያ ገቢ ሲሆን፣ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ ሁለተኛውን ገቢ ሳያዩ ያረጃሉ።

ትከሻው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን አድክሟል። በሰፊው ከሚነገሩት መላምቶች አንዱ፣ ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሰው መጁን፣ ማለትም በእጅ የሚገፋውን ድንጋይ፣ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱ ትከሻቸው ለእስክስታ ተገራ ይላል። መላምቱ ያምራል፣ ሁለት ችግሮች ግን አሉበት። አንደኛ፣ በልማድ እህል የማይፈጩት ወንዶች ትከሻቸውን ከሴቶቹ ባላነሰ ሁኔታ ይሰብራሉ። ሁለተኛ፣ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ወደ ገጠር ገብቶ መጁን በብዙ ቤት ሥራ ሲያስፈታው፣ እስክስታው አብሮ ሥራ አልፈታም፤ ይልቁንም ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ልጃገረዶች ቀደም ሲል ያልነበራቸውን የመለማመጃ ሰዓት አገኙ። የውጭ አጥኚዎች መነሻውን ከመገመት ይልቅ እንቅስቃሴውን መቅረጽ መርጠዋል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ጂዮርጂ ማርቲን የተባለው የሀንጋሪ የውዝዋዜ ተመራማሪ ከሙዚቃ አጥኚው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ የተለያዩ ብሔረሰቦችን ጭፈራ መዝግቧል፣ በ1967ም ስለ ዓይነቶቹ አጭር ጥናት አሳትሟል፤ ሌላው የአገሩ ሰው ቲቦር ቫዳሺም ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎችን አውጥቷል። የአውሮፓ የውዝዋዜ ጥናት እግር ወዴት እንደ ተራመደ በምልክት የሚጽፍበት ሥርዓት አለው፤ እግሩ ቆሞ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ ሲገጥመው እርሳሱን ምን ያህል ጊዜ እንደ ቀረጸ መገመት አያዳግትም።

ሠርግ የመጨረሻው ፈተና ነው። ሴቶች ከበሮውን ይይዛሉ፣ ግጥም አውጪዋ ትመራለች፣ የቀረው ተቀብሎ እያጨበጨበ ክብ ይሠራል፤ በክቡ መካከል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። መጋጠም ማለት አንዱ ያወጣውን ስልት ሌላው ተቀብሎ፣ በጥቂቱ አክብዶ የሚመልስበት ውድድር ሲሆን፣ አሸናፊው በድምፅ አይታወጅም፤ የተሸነፈው ፈገግ ብሎ ወደ ክቡ ይመለሳል፣ እናቱም በሆነ ምክንያት ወጥ ቤት ትገባለች። በሁለት አገር መካከል የሚደረግ ጋብቻ በዚህ ክብ ውስጥ የሚፈጥረው ችግር ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ከጎጃም ወደ ጎንደር የተዳረች ሙሽራ ቋንቋዋ ሳይሆን ትከሻዋ ያጋልጣታል፤ የባሏ እህቶች «ትፈጥናለች» ይላሉ፣ የእርሷ ሚዜዎች ደግሞ «እነዚህ ምን ያህል ይዘገያሉ» ይላሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ለከበሮ መቺዋ የሚሰጡት መመሪያ ስለማይጣጣም፣ ከበሮው አንድ ዓይነት የሽምግልና ሥራ ይሠራል። ከዓመታት በኋላ የምትወልዳቸው ልጆች ግራ ትከሻቸው የእናት፣ ቀኝ ትከሻቸው የአባት አገር ነው እየተባሉ ይቀለድባቸዋል፤ ቀልዱ ግን ከመጠን በላይ የተጋነነ አይደለም።

እስክስታን ማስተማሩን የማይክድ፣ በግልጽም የሚኖርበት ቤተሰብ ቢኖር የአዝማሪ ቤተሰብ ነው። አዝማሪ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ባላት ማሲንቆ እያጀበ፣ በፊቱ ስለ ተቀመጠው ሰው ግጥም ወዲያው እየፈጠረ የሚዘፍን ባለሙያ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሲሆን፣ በጎንደር አቅራቢያ የምትገኘው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች መንደር ናት። በእንዲህ ያለ ቤት ወንዱ ልጅ ማሲንቆውን ከአባቱ፣ ሴቷ ልጅ ዘፈኑንና ትከሻውን ከእናቷ ይማራሉ፤ ባልና ሚስት ተጣምረው ወደ ድግስ ስለሚሄዱ፣ የቤት ውስጥ አለመግባባት ለሥራው አደገኛ ነው፤ ምት የሳተ ባል ማታ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ነገር ከሌሎች ባሎች ዕጣ የከፋ ይሆናል። አዝማሪዎች ሌላው ሰው የማይሰማው የእርስ በርስ ቋንቋም አላቸው፤ በዚህ ቋንቋ ልጅን በታዳሚ ፊት ማረም፣ የደጋሹንም የኪስ ሁኔታ በደጋሹ ፊት መመካከር ይቻላል፤ ደጋሹም ግጥም መስሎት ሊያጨበጭብ ይችላል። ኅብረተሰቡ ለእነዚህ መምህራን ያለው አመለካከት ግን የሚያኮራ አይደለም። ልጁን ለአዝማሪ የማይድር ባላገር፣ ያለ አዝማሪ ደግሞ ልጁን አይድርም፤ ይህንንም ሲያደርግ በአቋሙ ውስጥ ቅራኔ መኖሩ ትዝ ብሎት አያውቅም።

የገበሬው ቤተሰብ መምህርነቱን ለምን እንደሚክድ እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ይጀምራል፤ ልጄን ጭፈራ አስተማርኩ ያለች እናት ራሷን ከአዝማሪ ጎን ማሰለፏ ነውና። ሁለተኛው ምክንያት የነፍስ አባት ናቸው። የነፍስ አባት የቤተሰቡን ንስሐ የሚቀበሉ ካህን ሲሆኑ፣ ዘፈን በስብከት ከኃጢአት ጋር ስለሚቆጠር፣ በንስሐ ጊዜ «ዘፍኛለሁ» ማለት ይቻላል፣ «ሠርግ ነበር» ብሎም ማቅለል ይቻላል፤ «ለስድስት ልጆች በየተራ አስተምሬያለሁ» ማለት ግን ሌላ ደረጃ ነው። በደም የመጣ ነገር ኃላፊ የለውም። እናቶች ስለ ደም የሚናገሩት ስለ ዘር ውርስ የጠለቀ ግምት ኖሯቸው ሳይሆን፣ ደም ንስሐ ስለማይገባ ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በገጠር ያለውን እጅግ ረጅሙንና ጥብቁን የአካል እንቅስቃሴ ትምህርት የምትሰጥ መሆኗ ነው። አቋቋም የሚባለው ትምህርት በስድስተኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠውን ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እያጀቡ የማቅረብ ጥበብ ሲሆን፣ በጎንደር የምትገኘው በዓታ ለማርያም የዚህ ትምህርት ምስክር ቤት፣ ማለትም ተማሪው ተፈትኖ ለመምህርነት የሚበቃባት ቦታ ናት። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም፣ ቀጥሎ መቋሚያ እየተወዘወዘ በዝማሜ፣ ከዚያም ከበሮ ገብቶ በመረግድ፣ በመጨረሻም በጭብጨባ እየተፋጠነ በጽፋት ይባላል፤ ይህን ሁሉ በቃሉ ለመያዝ ቆሎ ተማሪው ብዙ ዓመት በየደጁ እየለመነ ይኖራል። ይህን ጭፈራ ብሎ የሚጠራ ሰው መቋሚያው ለምን ያህል ሥራ እንደሚያገለግል በራሱ ላይ ሊያይ ይችላልና፣ ሽብሸባ በሚለው ስሙ መጥራት ይበጃል። ይሁንና መረግዱን ከየኔታ የተማረ ደብተራ ወደ ወንድሙ ሠርግ ሲመጣ ትከሻው ሁለት ጌታ አለው፤ የልጅነት መምህሩ አክስቱ ናት፣ የጉልምስና መምህሩ የኔታ፤ ከበሮው ሲፈጥን የትኛው ትምህርት እንደሚያሸንፍ ለማየት ሕዝቡ ከሙሽሮቹ ይልቅ እርሱን ይመለከታል። በአብዛኛው አክስት ታሸንፋለች።

ከተማ ይህን የቤት ትምህርት በግልጽ የፈለገው ዘግይቶ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት፣ በደርግ ዘመን ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ ከእነዚህም መካከል የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ እስክስታን ከክብ አውጥተው በሰልፍ አቆሙት። ክብ ፊትና ኋላ የለውም፤ መድረክ ግን ፊት አለው፤ ስለዚህ ተጋጥመው ይጨፍሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ ተመልካቹ ዞሩ፣ በመካከላቸው የነበረው ፉክክርም ወደ ፈገግታ ተለወጠ። በመንደር የከበሮ መቺዋ ስሜት የሚወስነው የስልት ለውጥ በቁጥር ተወሰነ፤ ሠላሳ ትከሻ በአንድ ጊዜ መነሣትና በአንድ ጊዜ መውረድ ተማረ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ ይህን ሥራ ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሲያደርስ፣ የመድረኩ እስክስታ ለብዙዎች ዋናው እስክስታ ሆነ። ውጤቱ የሚደነቅ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ከኪነት ቡድን ለዓመት በዓል አገሯ የገባች ልጅ በክቡ መካከል ስትጨፍር፣ ሽማግሌዎቹ በአክብሮት «ይሄ የማን አገር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አገሯ መሆኑን ስትነግራቸውም ዝም ይላሉ እንጂ አያምኑም። እርግጥ ነው፣ ያችው ልጅ በቴሌቪዥን ከታየች በኋላ ተቋሙ መካዱን ለጊዜው ይተዋል፤ እናትም፣ አክስትም፣ በጠላ የሚያስተምረው አጎትም መምህርነቱ የእነርሱ መሆኑን ይናገራሉ፣ ነገሩም አንዳንዴ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል።

ከሁሉ ሩቅ የተጓዘው ቅርንጫፍ የተከፈተው በእስራኤል ነው። ከጎንደር አካባቢ ገጠሮች በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ዘመቻዎች የተጓዙት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች፣ ትከሻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ትከሻ በሻንጣ ክብደት አይመዘንምና ማንም አልከለከላቸውም። በ1995 እ.ኤ.አ. የውዝዋዜ ባለሙያዋ ሩት ኤሼል ከእነዚሁ ቤተሰቦች ልጆች ጋር በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለ ቡድን መሠረቱ፣ በ2005ም ሌላ «ቤታ» የተባለ ቡድን ተከተለ። እናቶቻቸው በደም ነው ሲሉት የኖሩት ነገር ለልጆቹ የልምምድ ሰዓትና የመድረክ መብራት ያለው የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሆነ። ኤሼል የቤት ጭፈራውን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ለዘመናዊ መድረክ ሥራ መነሻ ማድረጋቸው ለክርክር ሊጋብዝ ይችላል፤ ሆኖም አክስት በሽሙጥ፣ አሠልጣኝ በቁጥር፣ ባለሙያ በፈጠራ ያንኑ አንድ ትከሻ መፈለጋቸው ትከሻው የማይናቅ መሆኑን ያሳያል።

በአሁኑ ጊዜ በገጠሩ ቤት አዲስ መምህር ገብቷል፤ ይኸውም ስልክ ነው። የልጃገረዶች ቡድን በአንዲት ትንሽ ስልክ ዙሪያ ተሰብስቦ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የተደረገ ሠርግ ላይ የምትጨፍር የአገራቸውን ልጅ ያያል፤ አንዳንዴም ያች ልጅ እስክስታውን የተማረችው ራሷ ከሌላ ስልክ ነው። አክስት በዚህ ተፎካካሪ መጀመሪያ ተቆጥታ የነበረ ቢሆንም፣ ምስሉን ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል ካወቀች በኋላ ስልኩን ከማንም በላይ የምትፈልገው እርሷ ሆናለች፤ የሩቋን ጨፋሪ ሦስት አራት ጊዜ እየመለሰች ካየች በኋላ ግራ ትከሻዋ ከከበሮው መዘግየቱን በድል አድራጊነት ታስታውቃለች፣ ልጆቹም ያንኑ ስሕተት ላለመድገም ተነሥተው ይለማመዳሉ። እማሆይ ስልክ የዘፈን ዕቃ በመሆኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ድምፁ ዝቅ የተደረገ እንደ ሆነ ግን፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ከፍ አድርጉት እንጂ፤ ከበሮው አይሰማም» ይላሉ።